ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ

ጋራዡ ውስጥ ውሃ ልክ ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅጽል ስሙ የወጣለት ዘንበል ያለ ነገር አይቶ ማለፍ ስለማይችል ነው። ሻይ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የጠረጴዛውን እግር ነው፤ የሚነቃነቅ ከሆነ ወረቀት አጥፎ ከሥሩ ሳይወሽቅ አይቀመጥም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሄዶ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት ብድግ አለና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟች ፎቶ አቃንቶ ተመልሶ ቁጭ አለ። ሚስቱ ያን ቀን መሬት ብትውጣት ትመርጥ ነበር። እሱ ግን ምን አጠፋሁ ባይ ነው።

ሥራው አላይመንት ነው፤ የመኪና ጎማ ማቅናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶበታል። ድሮ በሲባጎና በሜትር ነበር የሚሠራው፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ሲባጎ ይወጥርና በርከክ ብሎ በአንድ ዐይኑ ያያል። አሁን ማሽን መጥቷል። ጎማው ከተዛባ ቁጥሩ ቀይ፣ ከተስተካከለ አረንጓዴ እየሆነ በማሽኑ መስታወት ላይ ይታያል። ውሃ ልክ ማሽኑን ያምነዋል፤ ግን በግማሽ ልቡ ነው። ማሽኑ አረንጓዴ ካለ በኋላም የራሱን ነገር ሳያደርግ መኪና አይለቅም።

መጀመሪያ ዳዶውን አጥብቆ ሲጨርስ በቀጭን ብሩሽ ነጭ ቀለም ይነክርና ከዳዶው ጀምሮ እስከ ብረቱ ድረስ አንዲት ቀጭን መስመር ያሰምራል። ዳዶው በኋላ ትንሽ እንኳ ከዞረ መስመሯ ትቆረጣለች፤ ያየ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ መኪናውን ከጋራዡ ማዶ ካሉት መጋዘኖች ጀርባ ወዳለው ቀጥ ያለ መንገድ ይወስድና እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ እስከ ዐሥር ይቆጥራል። መኪናው ወዲህም ወዲያም ሳይል ዐሥር ከሞላ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ሆዱ ከመሬት እንዲርቅ ከፍ የተደረገ መኪና ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ከፍ የተደረገ መኪና ብረቶቹ ቦታቸውን ገና አልለመዱም፤ መንገዱ እያንገጫገጨ እስኪያስቀምጣቸው ዳዶ ሊላላ ይችላል። ስለዚህ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ተመልሶ መታየት አለበት። ውሃ ልክ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ያን ጊዜ የሚደርስበትን ቁጥር በነጭ ፕላስተር ቁራጭ ላይ ይጽፍና ከመሪው አጠገብ ይለጥፋል፤ ባለ መኪናውን ዐይን ዐይኑን እያየ፣ "ይቺ ቁጥር ስትሞላ ሥራ ቢኖርህም ባይኖርህም ትመጣለህ" ይላል። ስንቱ ሀብታም ነኝ ባይ በዚህ አነጋገሩ ተቀይሞታል። ግን ይመጣሉ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያቺን ፕላስተር ሳይለጥፍ የለቀቀው ከፍ የተደረገ መኪና አንድ ብቻ ነው። እሱም የታናሽ ወንድሙ ነበር።

ወንድማማቾቹን የሚለያያቸው ዘጠኝ ዓመት ነው። አባታቸው በጊዜ ስለሞተ ታናሹን ያሳደገው ውሃ ልክ ነው ማለት ይቻላል፤ ጫማ የገዛለት፣ ትምህርት ቤት የወሰደው፣ ሲያጠፋ በኩርኩም ያለው እሱ ነው። ሁለት ዓመት ያህልም ጋራዥ አብሮት ውሎ የሲባጎውን ጫፍ ይይዝለት ነበር። ኋላ ልቡ ወደ ውሃ ፓምፕ አደላና ፓምፕ ጠጋኝ ሆነ። መንገድ የሚባል ነገር በቅጡ በማይደርስባቸው መንደሮች እየዞረ የተበላሸ ፓምፕ ይጠግናል። ታላቁን "ጋሼ" ብሎ ከመጥራት ሌላ ስም አያውቅለትም ነበር። እናታቸው እስክትሞት ድረስ።

እናታቸው የሞተችው በዝናብ ወራት ነው። ታናሹ ያን ጊዜ ሩቅ ነበረ፤ በስልክ ተነግሮት ወዲያው ተነሳ። የነበረችው መኪና ዝቅ ያለች፣ ሆዷ መሬት የሚልስ አሮጌ ነበረች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። መቃብሩ አጠገብ ሰው ቆሟል። ደመናው ጠቁሯል። ቆፋሪዎቹ ዝናቡ ከመጣ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል እያሉ ውሃ ልክን አፍ አፉን ያያሉ። እሱ መንገዱን አየ፤ ማንም አይመጣም። ስልክ ሞከረ፤ አይሠራም። "ቀጥሉ" አለ።

ታናሹ የደረሰው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እየሮጠ መጣ። አፈሩን አየ፤ ሰዓቱን አየ። "አርባ ደቂቃ ብትጠብቀኝ ምን ነበረበት?" አለ። ዝናቡ ደግሞ ያን ቀን ጨርሶ አልዘነበም። ደመናው ዝም ብሎ አለፈ፤ ነገሩን የማይሽር ያደረገውም ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ዘመድ ቤት ሲገናኙ የሚያወሩት በሦስተኛ ሰው ነው። "ጨው አቀብለኝ በይው" ይላል አንዱ፤ ጨው ደግሞ ሁለቱም ፊት ተቀምጧል። የታናሹ ሚስት በዚህ ጉዳይ አስተርጓሚ ሆና ቀረች።

አንድ ቀን ጧት አንድ ነጭ ፒክአፕ ወደ ጋራዡ ገባ። ግንባሩም ኋላውም ከፍ ተደርጎ፣ አዳዲስ ትላልቅ ጎማ ተገጥሞለት፣ ፓምፕና የብረት ቧንቧ ተጭኖበታል። ከፍታው ቅጥ አጥቷል። ውሃ ልክ ገና ከሩቅ ጎማዎቹን ሲያይ ፊቱ ተኮሳተረ፤ የፊት ጎማዎቹ አናት ወደ ውጭ ዘምሟል። ከዚያ በሩ ተከፈተና ወንድሙ ዘሎ ወረደ።

የጋራዡ ጸሐፊ ጠረጴዛዋ በር ላይ ነው። ገና ሦስተኛ ወሯ ስለነበር የቤተሰቡን ነገር አታውቅም።

"ምን እንደሚፈልግ ጠይቂው" አላት ውሃ ልክ። ወንድሙ የቆመው ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ላይ ነው።

"ጋሼ፣ እዚሁ እኮ ነው የቆሙት።"

"ጠይቂው።"

ጸሐፊዋ ወደ ታናሹ ዞረች። "ምን ፈልገው ነበር?"

"መኪናዬን ከፍ አስደርጌያታለሁ፤ መሪዋ አልታዘዝ ብሎኛል። አላይመንት ይሥራልኝ በይው።"

"መኪናቸውን ከፍ አስደርገው…"

"ሰምቻለሁ" አለ ውሃ ልክ። "ከፍ ያደረገው ማን ነው በይው። ብየዳ ቤት ነው አይደል?"

"ለእሱ ምን ያደርግለታል በይው።"

"ሁልጊዜ የሚጭነው ስንት ኪሎ ነው በይው። ባዶውን ተስተካክሎ ኋላ ጭነት ሲገባበት ልኩ ይዛባል።"

"ጭኜ ነው የመጣሁት፤ ዐይን የለውም ወይ በይው።"

ጸሐፊዋ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች አንገቷ ሊቀጭ ምንም አልቀረውም። መካኒኮቹ ሥራ አቁመው ይሳሳቃሉ። ውሃ ልክ ግን አንድ ነገር ልብ ብሏል፤ ሳይነገረው ጭኖ የሚመጣ ባለ መኪና በዓመት አንድ ቢገኝ ነው። የሲባጎውን ጫፍ ይዞ ያደገ ልጅ አልረሳም። ደስ ሊለው ነበር፤ ደስታውን ዋጠው።

ሥራው እስከ ስምንት ሰዓት ፈጀ። የቀኙ ጎማ በደህና ታዘዘ። የግራው ግን አስቸገረ። የጎማውን ዘመም የምታቃናው አንዲት ብሎን ናት፤ ስትዞር ጎማውን ወደ ውስጥ ትስባለች፣ ወደ ውጭ ትገፋለች። መኪናው ከልክ በላይ ከፍ በማለቱ ብሎኗ የመጨረሻ ጫፏ ላይ ደርሳ ነው ቁጥሩ አረንጓዴ የሆነው። ጫፍ ላይ ያለች ብሎን ደግሞ እምነት አይጣልባትም። ዳዶዋን በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎ አጠበቀ። ነጩን መስመር በግራም በቀኝም አሰመረ። ይህ መኪና ሺህም ሳይሞላው ቢታይ ጥሩ ነበር ብሎ በልቡ አሰበ። ፕላስተሩን ቀደደ፤ ቁጥሩን በትልቁ ጻፈ፤ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ።

ከመጋዘኖቹ ጀርባ እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… መኪናው እንደተወጠረ ሲባጎ ቀጥ ብሎ ሄደ። ዐሥር ሞላ፤ እሱ ግን መቁጠሩን ሃያ አደረሰው። ፍሬን ሲይዝ ከወንበሩ ጀርባ አንድ ነገር ተንኳኳ። ዞር ብሎ አየ። አካፋ ነው። ከአካፋው ጋር ሁለት ሳንቃ፣ የተጠቀለለ ወፍራም ገመድና አንድ ጥንድ ረጅም የጎማ ጫማ አለ። ይህ ሁሉ ለጭቃ ነው። ውሃ ልክ ያን ጊዜ ከፍታው ለምን ቅጥ እንዳጣ ገባው። ወንድሙ ጭቃ ዳግመኛ እንዳይዘው ነው መኪናውን እዚህ ከፍታ ድረስ ያወጣው። ደርሶ የሚቀብረው ሰው ሳይኖር፣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ለዚያች አንዲት ቀን መኪና አዘጋጀ። መንገዱ ዳር ቆሞ ትንሽ ቆየ። ዛሬ ያለ ጸሐፊ አናግረዋለሁ አለ። ፕላስተሩን አልለጠፈውም፤ በእጄ ሰጥቼ "ሺህ እስኪሞላ አትጠብቅ፣ ቶሎ ና" እለዋለሁ ብሎ ያዘው።

ሲመለስ ወንድሙ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነበር። እንደ ወትሮው ሩብ ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በላይ ቆይቷል። ውሃ ልክ ወርዶ ወደሱ አመራ፤ አፉን ሊከፍት ነው። ታናሹ ቀደመው፤ ፊቱን ወደ ጸሐፊዋ አዙሮ፣

"ሰው ማስጠበቅ ያውቅበታል፤ መጠበቅ ነው የማያውቅበት በይው" አለ።

ጸሐፊዋ ይህን አላደረሰችም። ምን እንደሆነ ባታውቅም የሚያቆስል ነገር መሆኑ ገብቷታል። ማድረስም አላስፈለገም። ውሃ ልክ ክው ብሎ ቀረ፤ ከዚያ ደሙ ፈላ። ለመናገር የከፈተውን አፉን ዘጋ። ፕላስተሩን በመዳፉ ጨብጦ ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተው።

ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረና "ስጪው" አላት፤ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ።

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ ጠየቀችው። እሱም ሁሉንም ነገራት፤ ስድቡን ከፍ፣ ፕላስተሩን ዝቅ አድርጎ። ሚስቱ ግን እንዲህ ያለው አነጋገሩ አይሸነግላትም።

"ታዲያ ተመልሶ ይታይ አላልከውም?"

"ያውቃል። ሙያውን ያስተማርኩት እኔ አይደለሁ?"

"ማወቁን ተወው። ነገርከው ወይ ነው ያልኩህ።"

"አልነገርኩትም።"

"አገሩ በሙሉ ጋራዥ ነው" አለች ሚስቱ ሳህን እያነሳች። "ስንቱን አልፎ አንተ ጋ የመጣው ለምን ይመስልሃል?"

ውሃ ልክ እጁን ሊታጠብ ተነሳ። በማግስቱ ፕላስተሩን ከኪሱ አውጥቶ ጋራዥ ባለው የልብስ ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፈው። ጧት ቱታ ሲለብስ ያየዋል፤ ማታ ሲያወልቅ ያየዋል። በልቡ ይቆጥራል። በሳምንት ይህን ያህል መንደር ከዞረ አሁን አራት መቶ ሆኗል። አሁን ሰባት መቶ። ስልኩን ያነሳል፤ ስሙን ያወጣል፤ ያቺ ንግግር ትመጣበትና ስልኩን ይመልሳል። ሺህ ሲሞላ ራሱ ይመጣል ይላል። ጋራዡ በር ላይ ነጭ መኪና በቆመ ቁጥር ቀና ይላል። እልህ የሚሉት ነገር ከሰው ጋር እንዲህ ነው የሚጫወተው፤ ሰውየው ቀን ሙሉ የሌላውን ብሎን እያጠበቀ፣ የገዛ ወንድሙን ብሎን በሐሳቡ ብቻ ሲያጠብቅ ይውላል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከሥራ ሲመለስ ነጩ ፒክአፕ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በር ላይ ቆሞ አየ። ባለቤቱ ውስጥ ገብቷል። ውሃ ልክ ወዲህ ወዲያ አየና ወደ መኪናው ሄደ። የግራውን ጎማ ቆሞ አየው። ዘመም ያለ መሰለው፤ መሬቱም ወጣ ገባ ስለነበር እርግጠኛ አልሆነም። ተንበረከከ። መስመሯ ያለችበት ቦታ በደረቀ ጭቃ ተሸፍኗል። ጭቃውን በአውራ ጣቱ ሊያነሳ እጁን ሲሰድ የመደብሩ በር ተከፈተ፤ ወንድሙ የቧንቧ መገጣጠሚያ በካርቶን ታቅፎ ብቅ አለ።

ለመነሳት ጊዜ አልነበረውም። ውሃ ልክ እጁን ከጎማው ወደ ጫማው ወሰደና የጫማ ማሰሪያ የሚያስር ሰው ሆነ። ጣቶቹን ትንሽ አንቀሳቀሰ፤ ተነሳ፤ ጉልበቱን አራገፈ፤ መንገዱን ቀጠለ። ሃያ እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ ነው ቁልቁል ወደ እግሩ ያየው። ያደረገው ጫማ ማሰሪያ የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚጠለቅ ነው። ወደ ኋላ ሳይዞር ሄደ። ከኋላው ሞተሩ እስኪነሳ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ወንድሙ እያየው እንደሆነ ጀርባው ያውቅ ነበር። ዞር ብሎ "ና እንየው" ቢል ሁለት ቃል ነበር። አላለም።

ከስድስት ቀን በኋላ፣ ረፋዱ ላይ፣ የወንድሙ ሚስት ደወለች። ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነበር የሚመጣው። ፓምፕ ጭኖ ጠጠር መንገድ ላይ ቁልቁል ሲወርድ መኪናው ድንገት ወደ ግራ ወሰደው፤ ከመንገድ ወጥቶ ገደል ሥር አረፈ። ሆስፒታል ነው። ውሃ ልክ በቱታው ነው የሄደው። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ ደግሞ ቆሞ ዋለ። ወደ ማታ ሐኪሙ ወጣና በሕይወት እንዳለ ነገራቸው፤ ግራ እግሩን ግን ከጉልበት በታች ማትረፍ አልቻሉም። ሚስትየው ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች። ውሃ ልክ አጠገቧ ተቀምጦ የእጁን ጥቁር ዘይት ያይ ጀመር። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ የሚጠይቀው ሰው ግን አልነበረም።

በማግስቱ መኪናው በጎታች መኪና ተስቦ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ተጣለ። ጣሪያው ገብቷል፤ መስታወቱ ረግፏል፤ አካፋው ከወንበሩ ጀርባ ወጥቶ በመስኮቱ ተንጠልጥሏል። ባለ ጋራዡ ለውሃ ልክ አዝኖለት፣ "አንተ አትንካው፣ ሌላ ሰው ያየዋል" አለው። ውሃ ልክ አልሰማውም። አሮጌ ካርቶን አንጥፎ ከመኪናው ሥር በጀርባው ገባ።

መጀመሪያ ሌላ ጥፋተኛ ፈለገ። ጎማው ፈንድቶ እንደሆነ አየ፤ አልፈነዳም። የፍሬኑን ቱቦ በጣቱ ተከትሎ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ደህና ነው። የመሪው ዘንግ ተቀንጥሶ በሆነ ብሎ ለመነ፤ ታጥፏል እንጂ አልተቀነጠሰም። የቀኙን ዳዶ አየ፤ ነጯ መስመር ሙሉ ናት፣ እንዳሰመራት አለች። አሁን የቀረው አንድ ነው። የግራው ጭቃ ለብሷል። ውሃ ልክ ጨርቅ እንደያዘ፣ ብዙ ሰዓት የመሰለውን ጊዜ፣ ሳይነካው በጀርባው ቆየ። ከዚያ ጠረገው። መስመሯ ከመሐል ተቆርጣለች። ዳዶው ላይ ያለው ግማሽ ወደ ታች ወርዷል፤ ብረቱ ላይ ያለው ግማሽ ቦታው ላይ አለ። በመሐላቸው ያለው ክፍተት አንዲት ጥፍር ታክል ነበር።

ከመኪናው ሥር ሳይወጣ አለቀሰ። መካኒኮቹ እግሩን ብቻ ነው የሚያዩት። ማንም አልቀረበውም።

በሦስተኛው ቀን ከጉብኝት ሰዓት ቀድሞ ሆስፒታል ደረሰ። ታናሹ ነቅቷል። ሁለት ትራስ ተደርጎለት ጋደም ብሏል፤ ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ከጉልበቱ በታች ሜዳ ሆኗል። ሚስቱ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ሾርባ ታቀዘቅዛለች። ከአልጋው ሥር የወንድሙ ጫማ ከነጥንዱ ተቀምጧል፤ ማን እንዳስቀመጠው እንጃ፤ አንዱን የሚያነሳ ሰው አልተገኘም።

ውሃ ልክ ቆመ። ታናሹ መስኮቱን ያያል። የአራት ዓመት ልማድ ቀላል አይደለምና ውሃ ልክ ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

"መኪናውን አይቼዋለሁ በይው" አለ።

ሴትዮዋ ሾርባውን አስቀመጠችና ተነሳች። "አልለውም" አለች። "ጋሼ፣ እኔ ደከመኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ ወዲህ ከዚህ ወዲያ ተመላለስኩ። ሁለታችሁም አፍ አላችሁ።" ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

ክፍሉ ውስጥ የሚያደርስ ሰው ጠፋ። ውሃ ልክ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ይነቃነቃል። አላየውም።

"መስመሯ ተቆርጣለች" አለ መሬት መሬቱን እያየ። "የግራዋ።"

"ምን ያህል?" አለ ታናሹ፣ ፊቱን ከመስኮቱ ሳያነሳ።

"ጥፍር ታክላለች።"

ውሃ ልክ ከኪሱ ፕላስተሩን አወጣ። ከሳጥኑ በር ላይ ሲላጥ ተጠቅልሏል፤ ሙጫው አቧራ ይዟል። ዘርግቶ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠለት። "ያን ቀን በእጄ ይዤው ነበር" አለ። "ልነግርህ ነበር የመጣሁት። ስትናገረኝ ተናደድኩና ደበቅኩት። ረስቼው አይደለም። አውቄ ነው ያልነገርኩህ። ብሎኗ ጫፍ ላይ እንደነበረችም አውቅ ነበር። ይህን ሳልነግርህ ከዚህ ብወጣ እንቅልፍ አይኖረኝም።"

ታናሹ ፕላስተሩን አንስቶ ቁጥሩን አነበበ። ብዙ ጊዜ አየው።

"እኔም አውቅ ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"ሺህ ሲሞላ መታየት እንዳለበት። አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ? ቆጣሪው ላይ ሺህ ሲሞላ አይቼዋለሁ። ሺህ መቶ ሲሆንም አይቼዋለሁ። መሪዋ በእጄ ላይ እየከበደች ስትመጣ ተሰምቶኛል። መንገዴ ላይ ሁለት ጋራዥ አለ፤ ገብቼ ላስጠብቀው እችል ነበር።" ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ አሻሸው። "አይ፣ እሱ ይጥራኝ አልኩ። አንድ ቀን እሱ ይጥራኝ።"

ውሃ ልክ ቀና ብሎ አየው።

"መደብሩ በር ላይ አይቼሃለሁ" አለ ታናሹ። "ተንበርክከህ። አሁን ይናገረኛል ብዬ ካርቶኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። ጥግ እስክትታጠፍ ነው የጠበቅኩህ።" አሁን ፊቱን ከመስኮቱ መለሰ፤ ዐይኑ ቀልቷል። "ጫማህ እኮ ማሰሪያ የለውም፣ ጋሼ።"

ጋሼ ሲለው በአራት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ውሃ ልክ ይህችን ቃል ሲመኛት ኖሯል፤ ስትመጣ ግን ደስታ አልሆነችም። ወደ ብርድ ልብሱ ሜዳ አየና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ታናሹ እጁን ዘርግቶ ትከሻውን ሊነካው ሞከረ፤ ወገቡ አላንቀሳቅስ ስላለው እጁ አልደረሰም።

ቆይቶ፣ "ለማጥበቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?" አለ ታናሹ። መልሱን ያውቀዋል።

"ዐሥር" አለ ውሃ ልክ።

"ዐሥር" አለ ታናሹ።

የሾርባው ላይኛ ገጽ ረጋ። ኮሪደሩ ላይ የጠያቂዎች ኮቴ በዛ፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄደ። ታናሹ መድኃኒቱ ከብዶት ፕላስተሩን በእጁ እንደያዘ ዐይኑን ከደነ። ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ የጉብኝት ሰዓት አልቋል፣ ሌላው ሰው ሁሉ ወጥቷል አለች።

ውሃ ልክ ከሚነቃነቀው ወንበር አልተነሳም።

"እስኪነቃ ልጠብቀው" አላት።